ሃያ ስድስት ኪሎ ተኩል

ከአባቴ የወረስኳት ዲኤክስ ናት፣ ቀለሟ የለቀቀ፣
ጎኗ የተላላጠ፣ ሞተሯ ግን ያልደቀቀ።
የጅሬን ዳገት ላይ ስትደርስ ታለከልካለች፣
ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ «ተው» ትለኛለች።
ቶፊቅ በቪትዙ እያለፈኝ፣ ጡሩምባ እየነፋ፣
የጎማውን ጭቃ በመስታወቴ ላይ ደፋ።

ራህመቶ ጋራዥ ሄድኩ፣ ከአዌቱ ድልድይ ወዲህ።
«ለሞተር ብር የለህም» አለኝ፤ «ሸክሟን ላውርድልህ።»
«ምን ሸክም አለባት? ባዶዋን አይደል ያለችው?»
ራህመቶ ወለሉን በመፍቻ መታ ሲያደርገው
ዱብ አለ። «ሰማህ? ይሄ ድምፅ የብረት አይደለም፤
ብረት ሲመቱት ይጮሃል እንጂ ዱብ አይልም።
ሬንጅ ለብሷል ወለሉ፣ ሬንጁ ላይ ብርድ ልብስ፤
ፋብሪካ ነው ያለበሳት፣ ጩኸት እንዳይደርስ
ከሾፌሩ ጆሮ። ዝምታም እኮ ይመዝናል፤
ዳገት የሚወጣው በነዳጅ ነው፤ ያደክማል።»

መቀመጫ ፈታን። ምንጣፍ ገፈፍን፤ እርጥብ ነው፣ ሻጋታ፤
የጅማ ዝናብ አንዴ ከገባ ይከርማል እንደ ጌታ።
ከጨርቁ ሥር ሁለት አሥር ሳንቲም፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣
የአንዲት ሴት ጉትቻ፣ ደረሰኝ፣ የመናኸሪያ።
እናቴ ወርቅ አንጠልጥላ አታውቅም። ዝም አልኩ።
ራህመቶ ያላየ መሰለ። ጉትቻዋን ኪሴ ከተትኩ።

ሬንጁ ነው ያስቸገረን። ሲሞቅ ማስቲካ ነው፣
ሲቀዘቅዝ ግን ሸክላ፣ ሲመቱት ስንጥቅ የሚለው።
ከሸምሲያ ጁስ ቤት በረዶ አመጣን፣ ባልዲ ሙሉ፣
ደፋንበት፤ ልጆች ከበቡን «ምን ሊሆን ነው?» እያሉ።
ከዚያ መሮና መዶሻ። ጧ! ቁራጩ ይዘላል፤
ሽታው ነዳጅ ነዳጅ፣ አባቴን አባቴን ይላል።
ከኮፈኑ ሥር ስፖንጁን፣ ከበሮቹ ውስጥ ጨርቁን፣
ከዳሽቦርዱ ኋላ ወፍራሙን ጥጥ፣ ሁሉን።

በጆንያ አስረን፣ ቡና መጋዘኑ ሚዛን ላይ አወጣን፤
መዛኙ ቡሽራ መነጽሩን ጠርጎ «ምን ምርት ነው?» አለን።
«ዝምታ» አለ ራህመቶ።
«ስንተኛ ደረጃ?» አለ ቡሽራ፤ አልሳቀም።
ሃያ ስድስት ኪሎ ተኩል። ግራም አላዛነፈም።

ማታውን ጅሬን ወጣሁ። ያ አላህ! መኪና ነው ወይስ የቆርቆሮ ከበሮ?
ጠጠር ሁሉ በየስሙ እየተጠራ ገባ ከጆሮ።
ዲፈረንሻሉ ያልጎመጉማል፤ ማርሹ ጥርሱን ያፋጫል፤
ካፊያው ጣራውን ሲነካው አንድ ሺህ ጣት ያንኳኳል።
ትወጣለች ግን! በሦስተኛ፣ ሳታለከልክ፣ እንደ ፍየል፤
ቶፊቅን መታጠፊያው ላይ አለፍኩት። ጡሩምባ አልነፋሁም፤ ማን ይሰማል?

ድሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር በጅማ፤
አያቴ አባ ዲጋ ነበሩ፣ የዲጋ ኮቴ ከሩቅ የሚሰማ።
(እኔንስ ማን ሊሉኝ ነው? አባ ዲኤክስ?)
አባቴ ግን ሾፌር ብቻ ነበር፣ አንገቱን የደፋ፣ ዝም ያለ፤
ሠላሳ ዓመት ሲነዳ «ዛሬ እንዲህ ሆነ» ያላለ።
ጨዋ ነው ይሉት ነበር። እኔም ጨዋ ነው ስል ኖሬ፣
አሁን ጉትቻዋ ጭኔን ትወጋኛለች፣ መሪ ባዞርኩ ቁጥር፣ ዛሬ።

በማግስቱ እናቴን ለደም ግፊቷ ይዣት ስሄድ
«ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» አለች፣ እሷም እየጮኸች፣ በመንገድ።
«ሸክም አወረድኩላት!»
«ምን?»
«ሸክም!»
ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።
«ከአባትህ ጋር ስቀመጥባት» አለች፣ «ትንኝ ብትበር ይሰማል፤
የሚባል ነበር የጠፋው።»

ከአጂፕ ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ አንድ ነገር አለች፤ አልሰማሁም።
«ምን?» አልኳት። «ተወው» አለች።
እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ አወጣሁት፤ ባዶውን ነው። ምንም አላልኩም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተር ሳጠፋ፣ ጆሮዬ ገና እየጮኸ፣
ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች፦
«ጨርቁን ግን የት ጣላችሁት? ለዶሮዎቹ ይሆነኛል።
ሌሊት ይበርዳቸዋል።»